ሪባኑ እስኪቆረጥ

መጻሕፍቱ የመጡት በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። አንድ ነጭ ፒካፕ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አውቶቡስ ማዞሪያ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ፤ እኔና ጥበቃችን ኤጀታ ካርቶኖቹን ተሸክመን አስገባን። ኤጀታ እያለከለከ «መጽሐፍ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አለኝ። የቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ሆኖ ስንት ዓመት ሲሠራ መጽሐፍ ተሸክሞ አያውቅም። ምን ይሸከማል፤ መጥቶ አያውቅማ።

ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የቀበሌ ሸማቾች ሱቅ የነበረ አንድ ክፍል ነው። ስኳርና ሳሙና ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ደረደርንበት፣ ወንበር ለመንን፣ በሩ ላይ ስም ጻፍን፤ አለቀ። ላምባም ይሸጥበት ስለነበር ክረምት ሲገባ ግድግዳው ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ያሉን መጻሕፍት መጀመሪያቸው የተገነጠለ ልብ ወለዶች፣ ካለፈው መንግሥት የተረፉ ማንም የማይነካቸው ቀያይ ጥራዞች፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ ለምንም የማይሆኑ የድሮ መማሪያዎች ነበሩ። እኔ ጥሩብርሃን የዚህ ሁሉ ሀብት ኃላፊ ነበርኩ።

ያም ሆኖ ሰው ይመጣ ነበር። በተለይ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም አለን፤ አንዱ ያነበበውን መጽሐፍ ይተርካል፣ ሌላው የራሱን ግጥም ያነባል፣ ጥያቄና መልስ ይደረጋል፣ ያሸነፈ እስክሪብቶ ይሸለማል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ እግራችንን ሲቆርጠን እስኪመሽ እንቀመጣለን። ደስ ይለን ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ቤቱንም ፕሮግራሙንም ያቋቋሙት ጋሽ አካሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር። አዲስ መጽሐፍ ለማግኘት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተዋል፣ ስንት ቦታ «ነገ ይምጡ» ተብለዋል። በመጨረሻ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እሺ አላቸው። ካርቶኑ ሲከፈት አጠገባቸው ነበርኩ። አዳዲስ ልብ ወለዶች፣ መዝገበ ቃላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት፤ ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ እንግሊዝኛው፣ እያንዳንዱ በላስቲክ እንደተጠቀለለ። ጋሽ አካሉ አንዱን አንስተው አሸተቱት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

መጻሕፍቱን አብሯቸው በመጣው ባለ መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ደረደርናቸው። ከዚያ ጋሽ አካሉ ቆለፉት። ከኪሳቸው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን አውጥተው ሁለቱን እጀታዎች አሰሩበት፤ ቁልፉን ከቤታቸው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ሰኞ ይመጣሉ እኮ» አልኳቸው።

«ይምጡ። ሲመረቅ ይከፈታል። ለመጋቢት ፕሮግራም የክብር እንግዳ ጠርቻለሁ። ሪባኑን እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ድርጅቱ ፎቶውን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ዙር ይመጣልናል።»

«እስከዚያ ቢያነቡትስ ምን ይሆናል?»

«የፒንግ ፖንጉን ረሳሽው?» አሉኝ።

አልረሳሁትም። ባለፈው ዓመት ለሰፈሩ ወጣቶች የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ተሰጥቶን ነበር። ልጆቹ ምን አስጠበቃቸው፤ በመጣ ማግስት ተጫወቱበት። ሊመርቅ የመጣው ባለሥልጣን መረቡ ተበጥሶ፣ ጠረጴዛው ተጭሮ ሲያገኘው «ያገለገለ ዕቃ ነው እንዴ የምታስመርቁኝ?» ብሎ ጋሽ አካሉን በሰው ፊት አዋረዳቸው፤ መቀሱን ትሪው ላይ ወርውሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለወራት ማንም ቢሮ በር አልከፈተልንም። እኛ ዘንድ ዕቃ አገልግሎት የሚጀምረው ሲመጣ አይደለም፣ ሲመረቅ ነው። ለማንኛውም መጋቢት ሩቅ አልነበረም።

የምታሳስበኝ ግን ሱንዱስ ነበረች። ሱንዱስ የጋሽ ጀማለዲን ልጅ ናት፤ አባቷ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዱት። ባለፈው ዓመት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትና መሰናዶ የሚያስገባው ውጤት ለጥቂት አመለጣት። ዘንድሮ በግል ልትፈተን ተመዝግባለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ መማሪያ መጽሐፎቹን መልሶ ተቀብሏታል፤ የራሱ ላልሆነ ተማሪ አይሰጥም። መግዛት የቤታቸው አቅም አይደለም። ኩዌት ያለችው አክስቷ ፋዲላ ቪዛ እንደምትልክላት ለቤተሰቡ ተናግራለች።

«እትዬ ጥሩ፣ ካለፍኩ መሰናዶ እገባለሁ፤ አባቴ ቃል ገብቶልኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «ካላለፍኩ ኩዌት ነው። የሰው ቤት።»

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። የማይጠየቅ ጥያቄ ነበር። ሳቀችብኝ።

ኤጀታ በሩን ሲከፍት እሷ ደጃፉ ላይ ናት። ቁምሳጥኑ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር የራሷ አደረገችው። መጀመሪያ የመጻሕፍቱን ርእስ ታነብ ነበር፤ ርእስ ያልቃል። ከዚያ አንድ ነገር አየች። ስንደረድር አንዱ የሒሳብ መጽሐፍ ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ መስታወቱ ዞሮ ኖሯል። ጀርባው ላይ «ራስዎን ይፈትኑ» የሚል ተጽፎ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ «መልሱን በመጨረሻው ገጽ ይመልከቱ» ይላል። ሱንዱስ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጥያቄዎቹን ገለበጠች። ሒሳብ ነው የጣላት ትምህርት። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ፣ ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትሠራ ዋለች።

«እትዬ ጥሩ፣ ልክ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?»

«እኔን ሒሳብ አትጠይቂኝ» አልኳት። ለሰፈር ልጆች አሳየች። አንዱ አንድ መልስ ነገራት፣ ሌላው ሌላ መልስ፤ ሁለቱም የእሷን አልመሰለም። ትክክለኛው መልስ ከግንባሯ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከመስታወትና ከላስቲክ በስተጀርባ ተቀምጧል። ያን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

የመጋቢት ፕሮግራም ደረሰ። የክብር እንግዳው አልመጡም፤ «አስቸኳይ ስብሰባ» ተባለ። በእሳቸው ቦታ የተላከው ሰው ስለ ንባብ ባህላችን መዳከም ንግግር አደረገ። የዛሬ ወጣት መጽሐፍ እንደማይወድ፣ ጊዜውን በኳስና በዲኤስቲቪ እንደሚያጠፋ በምሬት አስረዳን። ይኼን ሁሉ ሲናገር ጀርባውን የሰጠው ለቁምሳጥኑ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ሱንዱስ እጇን አወጣች።

«መጽሐፎቹ መቼ ነው የሚከፈቱት?»

ሰውየው ዞሮ ቁምሳጥኑን አየው፤ እስከዚያች ሰዓት ያላየው ይመስለኛል። ከዚያ ጋሽ አካሉን አያቸው። «በቅርቡ ነው ልጄ፣ በሚያዝያ» አሉ ጋሽ አካሉ። ጥያቄና መልሱ ቀጠለ፤ እስክሪብቶውንም ራሷ ሱንዱስ አሸነፈች።

ሚያዝያም እንግዳው አልመጡም። በፕሮግራሙ ማግስት ጋሽ አካሉን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። «አንድ መጽሐፍ፣ ጋሼ። ሒሳቡን ብቻ። ላስቲኩን ሳይቀደድ አውልቄ መልሼ አለብሰዋለሁ።»

«ይቀደዳል። ይታወቃል።»

«ይቺ ልጅ ፈተና የምታልፍበት ነው እኮ!»

ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ተመለሱ። ጋሽ አካሉ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጥሩ፣ እኔ ለሱንዱስ የማላዝን ይመስልሻል? ግን ለአንድ ልጅ ብዬ ሁለተኛውን ዙር ባሳጣ፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምን ልመልስ ነው? እንደ ፒንግ ፖንጉ ተዋርጄ በር ቢዘጋብንስ?» አሉ። ለዚህ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም፤ ትክክል እንዳልነበሩ ግን አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት ቁምሳጥኑን በፀጉር መያዣ ልከፍት ሞከርኩ። ፊልም ላይ ይከፍታል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግን አልከፈተም። ኤጀታ ቢላ አምጥቶ አገዘኝ፤ እሱም ጫፉ ተሰበረ። በመጨረሻ መስታወቱን በድንጋይ እለዋለሁ ብዬ ስነሳ ክንዴን የያዘችኝ ራሷ ሱንዱስ ናት። «ተይ እትዬ ጥሩ። አንቺን ከሥራ አስወጥቼ ምን ሒሳብ ይገባኛል?» አለችኝ። አብረን ቁጭ አልንና ያንኑ የድሮ መማሪያ ገለጥን፤ ግማሹ ዘንድሮ የማይጠየቅ ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ጀማለዲን መጡ። መኪናቸውን ዳገቱ ላይ ድንጋይ አስደግፈው ገቡ፤ ከዚያ በፊት ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቁምሳጥኑ ፊት ቆሙ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው» አልኩ።

«ለምን አይከፈቱም?»

«እንግዳ እየጠበቅን ነው ጋሽ ጀማል።»

«እንግዳው የት ናቸው?»

«ጉርድ ሾላ፣ ቢሯቸው።»

«ጉርድ ሾላማ የኔ መስመር ነው» አሉ። «ልሂድና በመኪናዬ ላምጣቸዋ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን የቀልድ አይደለም። «እኔ እኮ ልጄ እንድትሄድ ፈልጌ አይደለም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እህቴ ፋዲላ እዚያ እንዴት እንደምትኖር አውቃለሁ። ለእናታችን ነው የማትነግራት፤ ለኔ ትነግረኛለች። ቤቱ ግን ሞልቷል፣ ቃሉም ተሰጥቷል። ሰበብ ስጡኝ። ልጄ አልፋለች የምልበት ሰበብ።»

በማግስቱ ጋሽ ጀማለዲን ጋቢና አስቀምጠውኝ እኔው ራሴ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። የእንግዳው ጸሐፊ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ጠበቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይ እንግዳው ራሳቸው በሁለቱም እጃቸው ስልክ ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ ያዝኳቸው። ትሑት ሰው ናቸው፤ ቆመው አዳመጡኝ። ስለ መጻሕፍቱም፣ ስለ ፈተናውም፣ ስለ ልጅቷም ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል» አሉኝ። «ግን አሁን በትንሹ አድርገን ከምናባክነው፣ መስከረም ላይ ከሚሊኒየሙ ጋር አያይዘን በትልቁ እናድርገው። ቴሌቪዥንም እናስጠራለን።»

«ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ነው ጌታዬ።»

«የዘንድሮው ነዋ። ለከርሞው ይደርሳል» አሉና ፈገግ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ መኪናቸው ገቡ።

ያን ዓመት ከሚሊኒየሙ ጋር ያልተያያዘ ነገር አልነበረም። አስፋልቱ መስከረም፣ ሠርጉ መስከረም፣ የጠፋው ውኃ ሳይቀር መስከረም ይመጣል ይባል ነበር። ለጋሽ ጀማለዲን በመልሱ መንገድ ነገርኳቸው። ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ብትል አልሰሟትም፤ ደግማ ብትጮህም አልሰሟት፤ መገናኛ ስንደርስ ነው ያቆሙላት።

ግንቦት መጨረሻ ሱንዱስ ተፈተነች። ከፈተናው በኋላ በቀጥታ ወደኔ መጣች፤ ፊቷ ገርጥቷል።

«ከመጽሐፉ ጀርባ ካሉት ሁለተኛውን የሚመስል ጥያቄ መጣ» አለችኝ። «ቁጥሩ ብቻ ነው የተለየው። መጀመሪያ በራሴ መንገድ ሠራሁትና መልሱን አገኘሁት። ከዚያ ልጆቹ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ ተጠራጠርኩ። አጥፍቼ ሌላውን አጠቆርኩ። ሌሎቹንም እንደዚያው እየተጠራጠርኩ ነው የሠራሁት።»

«ምናልባት ሁለተኛው ይሆናል ልክ» አልኳት።

ክረምቱ ገባ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በደጃችን እየጮኸ ያልፋል፤ ቤቱ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ቁምሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ኤጀታ ሪባኑ ላይ የተቀመጠውን አቧራ በየሳምንቱ ያራግፋል። ውጤት ሲመጣ ሱንዱስ በሒሳብ ወድቃለች። መሰናዶ ለመግባት የጎደላት ትንሽ ነው፤ እሷው ራሷ «ትንሽ ነው» አለችኝ፣ የሚያጽናና ነገር ይመስል። ፓስፖርቷ ወጣ። ቪዛውም ደረሰ።

መስከረም 2000። ጋሽ አካሉ አዲስ ካፖርት ለብሰው መጡ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ «እንኳን ለአዲሱ ሚሊኒየም አደረሳችሁ» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ፣ እንግዳውም ቴሌቪዥኑም በእርግጥ እንደሚመጡ ተረጋገጠ። ከፕሮግራሙ በፊት ጋሽ አካሉ ጠሩኝ።

«የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከእንግዳው እጅ የሚቀበል አንባቢ ያስፈልጋል። ሱንዱስ ትሁን።»

«ያቺ ልጅ ማክሰኞ በረራ አላት እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ከማንም በላይ የጠበቀችው እሷ ናት። ቢያንስ ይኼን ታግኝ።»

ከልባቸው ነው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ከልባቸው ነበር። እንቢ ትለኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ሄጄ ነገርኳት። ሱንዱስ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። «እመጣለሁ» አለችኝ። «ልያዘው እስቲ።»

ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳው መጡ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ከየካቲት ጀምሮ ታስሮ ስለቆየ ጠርዙ ደብዝዟል፣ መቀሱም ደንዝዞ ሁለቴ ነው የቆረጠው። ተጨበጨበ። ጋሽ አካሉ ቁልፉን አውጥተው ከፈቱ፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንስተው ለእንግዳው ሰጡ። ሆን ብለው ሒሳቡን ነው ያነሱት፣ ያንኑ የተገለበጠውን። ሱንዱስ ተጠርታ ወጣች። ለመንገድ የተገዛላትን አዲስ ጫማ አድርጋለች። ካሜራው ተጠጋ።

«ጎበዝ» አሏት እንግዳው፣ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግተው። «ወደፊት ምን ማድረግ አስበሻል?»

«ማክሰኞ ውጭ አገር እሄዳለሁ» አለች ቀስ ብላ።

እንግዳው ማይኩን ወደ ራሳቸው መለሱ። «ያነበበ ሰው የት እንደሚደርስ አያችሁ» አሉ ለሕዝቡ። «የዚህ ቤተ መጻሕፍት ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ነው። በርቺ፣ ተምረሽ አገርሽን አገልግይ።»

ሱንዱስ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ማይኩ የለም። ድንኳኑ በጭብጨባ ሞላ። አባቷ ከኋላ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ነው።

መጽሐፉን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊት ለፊት ንግግሩ ቀጥሏል። እሷ ላስቲኩን በጥፍሯ ከጥጉ ቀደደችው፤ ድምፁ እንዳይሰማ በነጠላዋ ሸፍና ነው። ጀርባውን አየች። ሦስቱን ጥያቄዎች ማንበብ አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ነው የምታውቃቸው። ቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ጣቷን መልሶቹ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ ወረደች፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«እትዬ ጥሩ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «በሦስቱም ልክ ነበርኩ።»

አቀፍኳት። እሷ አላለቀሰችም። ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ መጽሐፉ ያስረዳበትን መንገድ እያነበበች ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ ያው የራሷ መንገድ ነው።

ፎቶው ተነስቶ እንግዳው ሲሸኙ ጋሽ አካሉ እየተቻኮሉ መጡ። ፊታቸው በርቷል። ሁለተኛው ዙር በሰው ፊት ቃል ተገብቶላቸዋል። እጃቸውን ለሱንዱስ ዘረጉ።

«በይ ልጄ፣ መጽሐፉን። አዲስ መጽሐፍ በውሰት አይወጣም፤ እዚሁ ነው የሚነበበው።»

ሱንዱስ መጽሐፉን ዘጋች። የተቀደደውን ላስቲክ መልሳ ልታለብሰው ሞከረች፣ እንቢ አላት። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ላስቲኩን ቀድጄዋለሁ» አለቻቸው።

«ምንም አይደል ልጄ» አሏት ጋሽ አካሉ። «አሁንማ ተመርቋል።»